ጀፎረ ላይ ሞተር አይገባም

ሀሴት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ከበረንዳ እስከ ውጪው በር፣ ከውጪው በር እስከ በረንዳ ስትመላለስ እናቷ "ምን ሆነሽ ነው እንደታሰረች ጊደር የምትዞሪው?" አለቻት። ሀሴት የት ሰምታ። ወንድሟ ምንተስኖት ከአዲስ አበባ ደውሎ የሚነግራት ነገር፣ በቃ፣ ሌላ ዓለም ነበር።

መርከብ ነው። ዕቃ የሚጭን መርከብ እንዳይመስላችሁ፤ ውስጡ ሆቴል ያለው፣ ሲኒማ ቤት ያለው፣ መዋኛ ያለው፣ አንድ የወልቂጤ ሰፈር ሙሉውን ቢገባበት ቦታ የሚተርፈው መርከብ። ሰዎቹ ወር ሙሉ ባሕር ላይ ይኖራሉ። ወደብ ሲደርሱ ይወርዱና ከተማውን አይተው፣ በልተው፣ ፎቶ ተነስተው ይመለሳሉ። አሁን ደሞ ጅቡቲ ሊቆም ነው፤ የፈለጉት በአውሮፕላን አዲስ አበባ መጥተው ትንሽ ኢትዮጵያን ሊያዩ ነው። ይዟቸው የሚዞረው ማን መሰላችሁ? አስጎብኚ ድርጅት ከገባ ዓመት እንኳን ያልሞላው ምንቴ።

"አንድ ሴትዮ አሉ፣" አለ ምንቴ። "እማማ ዶሪን ይባላሉ። በከዘራ ሁለት ሦስት እርምጃ ነው የሚችሉት። በባትሪ የምትሄድ ስኩተር አለቻቸው፣ አራት ጎማ፣ መቀመጫ፣ መሪ፣ ከፊት ደሞ ቅርጫት። በቪዲዮ አሳይተውኛል።"

"እንደ ትንሽዬ መኪና?"

"እንደ ትንሽዬ መኪና። ስሚኝ አሁን። መርከቡ በቆመበት ወደብ ሁሉ ሌሎቹ ይወርዳሉ፣ እሳቸው አንዱ ጋ ደረጃ ነው፣ አንዱ ጋ ድንጋይ ነው፣ አንዱ ጋ አሸዋ ነው እየተባለ አውቶብስ ውስጥ ይቀራሉ። ምን አሉኝ መሰለሽ? 'የስንት አገር መስኮት አየሁ' አሉኝ። 'አንድ ቦታ ብቻ ራሴ ነድቼ ልሂድ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም' አሉኝ።"

ሀሴት መመላለሷን አቆመች።

"አለቃዬ ደሞ ለስኩተሯ የሚሆን ቦታ ካላገኘህ ሆቴል ይቆዩ፣ ሌሎቹ ትክል ድንጋይ ሊያዩ ይሄዳሉ ብሎኛል። ሴትዮዋ አገራችን ድረስ መጥተው የሆቴል መስኮት ሊያዩ ነው እንግዲህ።"

"እና እኔ ምን ላድርግ?"

"አንቺ እዚያው ነሽ። ዙሪያውን ፈልጊልኝ። ሰፊ፣ ደልዳላ፣ ደረጃ የሌለው፣ ኮረት የሌለው፣ ደሞ ደርሰው 'አየሁ' የሚሉት ነገር ያለበት።"

"አገኛለሁ በቃ፣ ንገራቸው፣" አለች ሀሴት። የት እንደምታገኝ እግዜር ይወቅ። ሀሴት እንዲህ ናት፤ አፏ ቃል ገብቶ ሲጨርስ ነው ጭንቅላቷ የሚደርሰው።

በነጋታው ጎረቤት ቤት ከሚሠሩት ግንበኞች የእጅ ጋሪ ለምና ጓደኛዋን አሚኔን ውስጡ አስቀመጠቻት።

"አንቺ እማማ ዶሪን ነሽ፣" አለቻት።

"ለምን አንቺ አትሆኚም?"

"እኔ ባትሪው ነኝ።"

አሚኔ ሻሿን ሰብስባ፣ እግሯን ወደ ውጪ አንጠልጥላ፣ እንደ ሙሽራ ጉብ አለች። ወልቂጤን ዞሯት እላችኋለሁ። ኮብልስቶኑ ላይ ሲደርሱ የአሚኔ ድምፅ ራሱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ "ጥ-ጥ-ጥርሴ ረ-ረገፈ፣ አ-አዙሪው" ትላለች። አበባ የሞላበት አንድ ሆቴል ሄዱ፤ በሩ ላይ ደረጃ። ወንዝ የሚያሳይ አንድ ጥግ ሄዱ፤ መንገዱን ጎርፍ በልቶታል። የባጃጅ ሹፌሮች ደሞ እየተከተሉ ያሽሟጥጣሉ። "እህት፣ እስከ መናኸሪያ ስንት ታስከፍያለሽ?" አላት አንዱ።

"የአንተን ወሬ የሚችል ጎማ የላትም፣" አለችው አሚኔ ጋሪዋ ውስጥ ሆና።

ኮረብታው ላይ ካለው ሰፈር ከተማው ቁልጭ ብሎ ይታያል ብለው ሲገፉ፣ እግሮቿ የከዷት ሀሴት ጋሪዋን ለቀቀቻት። አሚኔ ቦይ ውስጥ ተገኘች። እየሳቁ፣ አቧራቸውን እያራገፉ ዳር ላይ ቁጭ አሉ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሀሴት ወደ መጡበት መንገድ ዞረች። ለካ አንድ ከተማ ሙሉ ለጎማ ዝግ ነው። ስትራመድበት ኖራ አንድም ቀን አላየችውም።

"ሴትዮዋ መስኮት ላይ ሊቀሩ ነው፣" አለች።

አሚኔ ጭቃ የነካውን ክርኗን እያየች፣ "እኔ ምልሽ፣ አያቴ ጋ ለምን አንወስዳቸውም? ጀፎረው አለ አይደል?" አለች።

"ምንድነው ጀፎረ?"

አሚኔ ዞር ብላ አየቻት። "ወልቂጤ ተወልደሽ፣ ወልቂጤ አድገሽ፣ ጀፎረ አታውቂም?"

አታውቅም። አባትና እናቷ ከደብረ ማርቆስ ተመድበው የመጡ አስተማሪዎች ናቸው፤ ለሀሴት አገር ማለት ወልቂጤ፣ ወልቂጤ ማለት ደሞ አስፋልቱ ነው። ገጠሩን በሚኒባስ መስኮት ነው የምታውቀው፣ ልክ እንደ እማማ ዶሪን።

ቅዳሜ በሚኒባስ እምድብር ወርደው ከዚያ በእግራቸው ገቡ። አሚኔ በአቋራጭ፣ በእንሰት መሀል በምታልፍ ቀጭን መንገድ ወሰደቻት። የእንሰቱ ቅጠል ከሰው በላይ ነው፣ ሰማዩ ራሱ አረንጓዴ ይመስላል፣ ሀሴት ቅጠሉን በእጇ እየገፋች እየገፋች ድንገት አለቀ። እንሰቱ አለቀና ሜዳው መጣ።

ምን ልበላችሁ። መንገድ ነው፣ ግን እንዲህ ያለ መንገድ አይታችሁ አታውቁም። ኳስ ሜዳ የሚያክል ስፋት፣ ርዝመቱ ዓይን እስኪደክም፣ መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ሣር ብቻ። ሣሩን ላሞቹ እየጋጡት ፀጉር አስተካካይ ቤት ገብቶ የወጣ ነው የሚመስለው። ግራና ቀኝ ትልልቅ ክብ ቤቶች ተሰልፈዋል፤ ሁሉም በራቸው ወደ ሜዳው ነው፣ አንዱም ካንዱ ቀድሞ አልወጣም። የሆኑ ትልልቅ ዛፎች ጥላቸውን ዘርግተዋል። ድንጋይ የለ፣ ጉድጓድ የለ፣ ወረቀት እንኳ የለ። ሕፃናት ይሯሯጣሉ፣ ጥጃዎች ተኝተዋል፣ ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴትዮ እየሄዱ በየቤቱ በር ላሉት ሰዎች ሰላምታ እየሰጡ ያልፋሉ።

ሀሴት ጫማዋን አወለቀች። ቀጥሎ ሣሩ ላይ በጀርባዋ ተዘረረች።

"ማን ሠራው?" አለች ወደ ላይ እያየች።

"ማንም አልሠራውም፣ ድሮም አለ፣" አለች አሚኔ። "ሰርጉም እዚህ ነው፣ ለቅሶውም እዚህ ነው፣ ሽማግሌም እዚህ ነው የሚቀመጠው። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም። አጥሩን አንድ ክንድ ወደፊት የገፋ ሰው ይቀጣል። ቂጫ ነው፣ የአባቶች ሕግ።"

መንግሥት ያልጠበቀው፣ ዘበኛ የሌለው፣ ሰው ሁሉ አንድ ክንድ ሳይሰርቅ ስንት ትውልድ የተወው ሜዳ። ሀሴት ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ተነስታ ለምንቴ ቪዲዮ ላከችለት፤ "አየኸው? አየኸው?" ከማለት ሌላ ምንም አልተናገረችበትም።

የአሚኔ አያት አባባ ሰይዶ በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሽማግሌ ናቸው።

"አሰላሙ ዓለይኩም አባባ፣" አለች አሚኔ ጉልበታቸውን ስማ። "መራመድ የማይችሉ እንግዳ ከሩቅ አገር ሊመጡ ነው። ጀፎረውን ማየት ይፈልጋሉ።"

"መርሐባ፣" አሉ አባባ ሰይዶ። "እንግዳዋ እግር ባይኖራት እኛ እግር አለን።"

ልጆቹ ደስ ብሏቸው ተቃቀፉ። በደስታ ብዛት ስለ ስኩተሯ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ።

ቀኑ ደረሰ። የድርጅቱ ሚኒባስ እማማ ዶሪንን፣ ምንቴንና ሁለቱን ልጆች ይዞ በኮረቱ መንገድ በኩል አቧራውን እያስነሳ መጣ። ሹፌሩ ያረጋል ገና ሳይወርድ ማጉረምረም ጀምሯል፤ "ሃያ ዓመት ሰው ጭኜ ወንበር ጭኜ አላውቅም ነበር" ይላል። ይበል እንጂ የመውረጃ ሳንቃ አስተካክሎ ያነጠፈው፣ ስኩተሯን እንደ እንቁላል ያወረደው እሱ ነው። ቀይ ናት። መሪዋ ላይ ትንሽ መዘውር አለች፣ በአንድ በኩል የኤሊ፣ በሌላው የጥንቸል ሥዕል ያለባት፤ ኤሊዋ ጋ ቀስ፣ ጥንቸሏ ጋ ፈጠን። ሀሴት እዚያው በፍቅር ሞተች።

እማማ ዶሪን ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ፊታቸው ቀይ፣ አጭር ሴትዮ ናቸው። በከዘራቸው ወረዱ፣ ስኩተሯ ላይ ተቀመጡ፣ ጓንታቸውን አደረጉ።

ከዚያ ቀና ሲሉ፣ ጀፎረው አፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ትልቅ ግንድ ተጋድሟል። ልጆቹ ያን ቀን በእንሰቱ አቋራጭ ስለገቡ በዚህ በኩል አላዩትም ነበር። ከግንዱ ወዲያ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ቆመዋል። ከጎናቸው ደሞ አራት ጎረምሶች፣ በአዲስ የእንሰት ገመድ የተጠመጠመ ቃሬዛ ይዘው። ላዩ ላይ ንጹሕ ጋቢ ተነጥፎበታል።

ምንቴ ሀሴትን ክንዷን ያዛት። "ቃሬዛው ምንድነው? የሞተ ሰው አለ?"

"ለሳቸው ነው፣" አለች አሚኔ ፊቷ ጠቁሮ። "አያቴ 'እኛ እግር አለን' ሲሉ እንሸከማቸዋለን ማለታቸው ነበር።"

አባባ ሰይዶ ቀርበው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና በደስታ ተናገሩ፤ ልጆቻችን ከዳር እስከ ዳር ተሸክመው ያሳዩሻል፣ መሬት አይነካሽም አሉ። ምንቴ ተረጎመ። እማማ ዶሪን ቃሬዛውን አዩ፣ ጎረምሶቹን አዩ፣ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ፣ ምንቴ ሲተረጉም ድምፁ ዝቅ አለ።

"ክብሩን አያለሁ፣ አመሰግናለሁ ይላሉ። ግን ተሸክመውኝ ካየሁት ያው መስኮት ነው ይላሉ። ራሴ መሄድ ካልቻልኩ እዚሁ ሆኜ አይቼ ልመለስ ይላሉ።"

ጎረምሶቹ ቃሬዛውን ወደ መሬት አወረዱት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ባዩ የሚባሉት፣ ፊታቸውን አኮማተሩ። ግንዱን በዱላቸው መታ መታ አደረጉና በጉራጊኛ ጀመሩ፣ አሚኔ በሹክሹክታ ለሀሴት፣ ሀሴት ለምንቴ፣ ምንቴ ለእማማ ዶሪን።

"ይሄን ግንድ ያጋደምነው ለምንድነው? ባጃጅ ገብቶ ሣሩን አረሰው። ሞተር ሳይክል ገብቶ አረሰው። ጀፎረ ላይ ሞተር አይገባም ብለን ሁላችን ተስማማን፣ የራሴ ልጅ እንኳ ሞተሩን ውጪ አቁሞ ነው ቤቴ የሚገባው። አሁን ይቺ ሞተር ናት ወይስ አይደለችም?"

"ባትሪ ናት እኮ፣ ነዳጅ የላትም፣" አለች ሀሴት።

"ልጄ፣ ሰው ሳይገፋው የሚሄድ ነገር ሞተር ነው።"

ክርክሩ ተነሳ። አንዱ ሽማግሌ ቃሬዛ እንቢ ያለ እንግዳ አይተን አናውቅም አሉ። ሌላው፣ ዛሬ ለእሷ ከከፈትን ነገ የባጃጅ ልጆች ሁሉ እግሬን አመመኝ ሊሉ ነው አሉና ሰው ሳቀ፣ አቶ ባዩ ብቻ አልሳቁም። እማማ ዶሪን ከግንዱ ወዲህ እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ሜዳውን ያያሉ። "አገኛለሁ፣ ንገራቸው" ያለችው ሀሴት ናት። ከዚያ ሁሉ ባሕር አምጥታ ግንድ ፊት አቆመቻቸው።

አባባ ሰይዶ ክርክሩ ውስጥ አልገቡም ነበር። ዱላቸውን ተደግፈው፣ "ባዩ፣" አሉ፣ "ግንዱን ያጋደምነው ሞተር ጠልተን ነው ወይስ ሣሩን ወደን?"

"ሣሩን ወደን።"

"እንግዲያው ሣሩን እንጠይቅ።"

ከግንዱ ወዲህም ትንሽ የሣር ቁራጭ ነበረች። እማማ ዶሪን በእሷ ላይ እንዲያልፉ ተነገራቸው። መዘውሯን ኤሊዋ ጋ አደረጉ፤ ስኩተሯ ድምፅ እንኳ ሳታሰማ ሄደች፣ ጫፍ ላይ ቆመች። ከኋላዋ ሁለት ቀጭን መስመር ሣሩ ላይ ተኝቶ ቀረ።

ከዚያ የሆነውን ሀሴት መቼም አትረሳውም። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ፣ ዱላቸውን እያስቀመጡ፣ ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው መሬት ላይ ተንበረከኩ። አቶ ባዩ ጭራሽ በክርናቸው ተደግፈው ጉንጫቸውን ከሣሩ ጋር እኩል አደረጉ። ሀሴትም ተኛች፣ አሚኔም ተኛች። ያረጋል እንኳ ማጉረምረሙን ትቶ አጎነበሰ። እና ሣሩ መነሳት ጀመረ። መጀመሪያ አንዷ ቀንበጥ ንቅንቅ አለች፣ ከዚያ ጎረቤቷ፣ ከዚያ አምስት ስድስቱ አንድ ላይ፣ እንቅልፍ እንደጠገበ ሰው እየተንጠራሩ ቀጥ አሉ። ሀሴት በሕይወቷ ሣር ሲነሳ አይታ አታውቅም። ማን ያያል? ማን ቁጭ ብሎ ያያል?

አቶ ባዩ ግን አልጨረሱም። ተነሱና ከመስመሩ ጎን በራሳቸው ቦት ጫማ ረገጡ። እንደገና ተንበርክከው አዩ። የጎማው መስመር ጠፍቷል፤ የቦት ጫማው ሣር ገና እንደተኛ ነው።

"የእኔ ጫማ ይብሳል፣" አሉ በመጨረሻ።

አባባ ሰይዶ ወደ ሰዉ ዞሩ። "ሰምታችኋል። ሣሩ፣ ይቺ ሞተር ሳትሆን እግር ናት ብሏል። ሰው ጀፎረ ሲገባ እግሩን ውጪ አውልቆ አይገባም።" ከዚያ ጣታቸውን ወደ እማማ ዶሪን አነሱ። "ግን እግር ከሆነች የእግር ሕግ አላት። እዚህ በእግሩ የሚያልፍ ሰው የሰውን በር በዝምታ አያልፍም። በእያንዳንዱ በር ቆማ ሰላም ብላ ነው የምታልፈው። ባጃጆቹም እንዲህ ማድረግ ከቻሉ ይምጡ።"

ምንቴ ሲተረጉምላቸው እማማ ዶሪን አፋቸውን በጓንታቸው ሸፈኑ። በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደጋግመው።

ለመሸከም የመጡት አራቱ ጎረምሶች ግንዱን አንስተው ወደ ዳር ጣሉት። እማማ ዶሪን ገቡ።

ማንም አልገፋቸውም፣ ማንም አልደገፋቸውም። ያ ሁሉ ሰፊ ሜዳ ፊታቸው ላይ ተዘርግቶ፣ ባርኔጣቸውን ንፋስ እያወዛወዘው፣ ቀይዋ ስኩተር አረንጓዴው ላይ እንደ አበባ ትንሳፈፋለች። ሀሴት ከጎናቸው እየሮጠች በየበሩ ታስተምራቸዋለች፤ "እዚህ አሰላሙ ዓለይኩም፣ እዚህ ደሞ ጤና ይስጥልኝ።" እሳቸው ይላሉ፣ በሩ ላይ ያሉት ይመልሳሉ፣ ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ። አንዷ እናት ቅርጫቱ ውስጥ የተጠቀለለ ቆጮ ጣሉበት። ሌላኛዋ በቅቤ የታሸ አይብ። ሕፃናቱ ከኋላ ተሰልፈው ይከተላሉ። አቶ ባዩም ከኋላ ናቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው የጎማውን መስመር እያዩ፤ ሲነሳ ሲያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እንደገና ያያሉ።

ምንቴ ሰዓቱን ደጋግሞ አየ። "ሀሱ፣ እራት ከሌሎቹ ጋር አዲስ አበባ ነው እኮ፣ አለቃዬ ይገድለኛል። አንድ አስር በር ብለን ብንመለስስ?"

"አንተ ንገራቸዋ።"

ሄዶ ነገራቸው። እማማ ዶሪን አላዩትም እንኳ። አንዲት ከሳቸው የባሱ አሮጊት በር ላይ ቆመዋል፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዳቸው ያንዳቸውን ቋንቋ ሳያውቁ፣ ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ። ጉልበት ላይ እየጠቆሙ፣ ፊት እያኮማተሩ፣ እየሳቁ። ያረጋል ከሩቅ ክላክስ ነፋ። አንድ ጥጃ ብቻ ቀና አለ።

ፀሐይዋ የዛፎቹን ጥላ ሜዳው ላይ ስታስረዝም መጨረሻው በር ደረሱ። ሰላም አሉ፣ ተመረቁ። ምንቴ በረጅሙ ተነፈሰና፣ "በቃ እንግዲህ፣ ደረስን፣ እንመለስ፣" አለ፤ ለሳቸውም በቋንቋቸው ደገመላቸው።

እማማ ዶሪን ስኩተሯን ቀስ አድርገው አዞሯት። ፊታቸው በእንባ ረጥቧል፣ ሊጠርጉት ግን አልሞከሩም። ከሜዳው ማዶ ያለውን የቤት ሰልፍ አዩ፣ በየበሩ የቆመውን ሰው አዩ፣ አንድ ነገር ተናገሩ።

"ምን አሉ?" አለች ሀሴት።

ምንቴ ስልኩን ኪሱ ከተተ። "በዚያ በኩል ያሉትን ገና ሰላም አላልኩም ይላሉ።"